ከዘሩ በፊት መዝገቡን

ከአስኮ ወደ ቡራዩ፣ ከአየር ጤና ወደ ሰበታ፣ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ በሚመላለሰው ታክሲ ውስጥ ስለ እስር ወሬ ሲነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዘሩ ምንድን ነው?» የሚል ነው። የታሳሪው ብሔር ከታወቀና የአሳሪው ብሔር ከተጠረጠረ ወሬው እዚያው ያልቃል። ሰውዬው በምን ተጠርጥሮ እንደተያዘ፣ ስንት ቀን ቆይቶ ዳኛ ፊት እንደቀረበ፣ ዋስትና ተፈቅዶለት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። መልሱ አስቀድሞ ተገኝቷላ! ታሳሪው ኦሮሞ ከሆነ «ድሮም የሚታሰረው ኦሮሞ ነው» ይባላል። አማራ ከሆነ «ክልሉ የእኛ አይደለም፣ ምን ትጠብቃለህ?» ይባላል። ጉራጌውም፣ ጋሞውም፣ ትግራዋዩም የየራሱ የተዘጋጀ መልስ አለው። በሌላው ነገር ሁሉ የማይስማሙ ሰዎች በዚህች በአንዲት እምነት ይስማማሉ፦ የዚህን አገር ፍትሕ ያበላሸው ዘር ነው፤ ወንበሩ ላይ የእኛ ሰው ቢቀመጥ ይስተካከላል።

ይህ እምነት ስህተት ነው ብዬ እከራከራለሁ። ጉዳቱም ቀላል አይደለም። ጉቦ የሚበላ መርማሪና የፍርድ ቤት ትእዛዝ መሳቢያ ውስጥ የሚከት አዛዥ ከዚህ የተሻለ መደበቂያ የላቸውም። ሕዝቡ እርስ በርሱ በብሔር ሲጠያየቅ እነሱን በስማቸው የሚጠይቃቸው አይኖርም።

ክርክሬን ከሩቅ አገር ልጀምር። የከተሞቻችን ወጣቶች ከሙቪ ቤት በፍላሽ እያስገለበጡ ከሚያዩአቸው የውጭ ተከታታይ ፊልሞች አንዱ ኤቫ ዱቨርኔይ ያዘጋጀችውና ኔትፍሊክስ በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ዌን ዜይ ሲ አስ» ነው። አራት ክፍል ብቻ ያለው፣ በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ፊልም ነው። በሚያዝያ 1989 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ለሩጫ የወጣች አንዲት ሴት ተደብድባና ተደፍራ፣ ልትሞት ትንሽ ሲቀራት ተገኘች። ፖሊስ በዚያ ሌሊት በፓርኩ የነበሩ ጥቁርና ላቲኖ ልጆችን ሰብስቦ አምስቱን ከሰሰ። ትንሾቹ 14 ዓመታቸው ነበር፤ ትልቁ ኮሪ ዋይዝ 16። ለረጅም ሰዓታት ከተመረመሩ በኋላ አራቱ ካሜራ ፊት ቀርበው «አዎ፣ ነበርን» አሉ። የአንዱ ቃል ከሌላው አይገጥምም፤ የዘረመል ምርመራውም ከአንዳቸውም ጋር አልገጠመም። ይሁንና ቃላቸው በቂ ማስረጃ ሆኖ በ1990 ተፈረደባቸው። ያኔ የሕንጻ ነጋዴ የነበሩት ዶናልድ ትራምፕ በአራት ጋዜጦች ላይ ከፍለው የሞት ቅጣት ይመለስ የሚል ማስታወቂያ አሳትመው ነበር። በ2002 ማቲያስ ሬየስ የተባለ እስረኛ «ብቻዬን ነው ያደረግሁት» አለ፤ ዘረመሉም የእሱ ሆኖ ተገኘ። ፍርዱ ተሻረ፤ በ2014 ከተማዋ 41 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ለመክፈል ተስማማች። ከአምስቱ አንዱ ዩሱፍ ሰላም በ2023 ለኒውዮርክ ከተማ ምክር ቤት ተመርጧል።

ይህን ያዩ ልጆች «የእኛው ታሪክ ነው» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። የሚሳሳቱት ለምን የእኛ እንደሆነ ሲያስረዱ ነው። «እዚያም ዘር፣ እዚህም ዘር» ብለው ይዘጉታል። ፊልሙን ረጋ ብሎ ያየ ሰው ግን ሁለት ጥያቄዎች ለየብቻ ሲመለሱ ያያል። «ማን ይያዝ?» ለሚለው መልሱ በእርግጥ ዘር ነበር፤ ነጭ ልጆች ቢሆኑ ኖሮ በዚያ ሌሊት እንደዚያ ባልታፈሱ። «ያላደረጉትን እንዴት አደረግን አሉ?» ለሚለው ግን መልሱ የምርመራው ክፍል ውስጥ ነው። ጠበቃ የለም፤ ልጆቹ እንቅልፍ አጥተዋል፤ መርማሪው «ጓደኛህ አንተን ጠቁሟል፣ ተናገርና ወደ ቤትህ ሂድ» ይላቸዋል። ካሜራው የተከፈተው ከተሰበሩ በኋላ ነው፤ እስኪሰበሩ ድረስ የሆነውን ያየ ካሜራ የለም። ኒውዮርክ ዘግይታም ቢሆን ያረመችው ይህንኑ ቀዳዳ ነው፤ ከሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በከባድ ወንጀል የተጠረጠረ ሰው ጣቢያ ውስጥ ሲመረመር ምርመራው በቪዲዮ እንዲቀረጽ በሕግ ደነገገች። መርማሪዎቹን በሌላ ቀለም ሰዎች መተካት ብቻውን ያንን ቀዳዳ አይደፍነውም ነበር።

ካሜራ ፊት የተነገረ ቃል እንደ ፍርድ ሲቆጠር ማየት ለእኛም አዲስ አይደለም፤ በየሳሎናችን ተቀምጠን አይተነዋል። በእኛ አቆጣጠር በኅዳር 2004 ኢቲቪ «አኬልዳማ» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም በተከታታይ ሲያሳይ ጋዜጠኛው እስክንድር ነጋና ፖለቲከኛው አንዱዓለም አራጌ ገና ፍርድ አላገኙም ነበር፤ የተፈረደባቸው ከወራት በኋላ ነው። በጥር 2005 «ጅሃዳዊ ሀረካት» ሲተላለፍ የሙስሊሞች መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ክስ ገና በክርክር ላይ ነበር። ከዚያ ለውጥ መጣ ተባለ። በኅዳር 2011 ደግሞ የቀድሞው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ኃላፊ ሜጀር ጄኔራል ክንፈ ዳኘው እጃቸው በካቴና ታስሮ በቴሌቪዥን ታዩ፤ ስለ ሜቴክ የተሠራው ዘጋቢ ፊልም ተከተለ፤ በቀጣዩ ወር «የፍትህ ሰቆቃ» የተሰኘው ፊልም መጣ። በዚህ በመጨረሻው ላይ ስለ ደረሰባቸው ሥቃይ የተናገሩትን ሰዎች ቃል አልነካም፤ መሰማት ነበረባቸው፣ ዘግይቶም ነበር። የምናገረው ስለ ተመልካቹ ነው። በ2004 «ፍርድ ቤት ሳይወስን እንዴት ወንጀለኛ ይባላል?» ብሎ የተቆጣ ስንት ሰው በ2011 አጨበጨበ! ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል ይላል። በ2004 ይል ነበር፤ በ2011ም ይል ነበር። ፊልሙ ያው ነው፤ የሚቀያየረው ተዋናዩ ነው። እያንዳንዱ ወገን የሚቆጣው የራሱ ሰው ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ብቻ ስለሆነ ፊልሙ አንድም ቀን አልተቋረጠም።

አንድ ወገን ብቻ አይደለም የሚታሰረው ስል የሚከራከረኝ ሰው የስዬ አብርሃን ጉዳይ ያስታውስ። የሕወሓት ነባር ታጋይና የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ስዬ በ1993 ድርጅታቸው ሲሰነጠቅ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ ዋስትና ፈቀዱላቸው። ስዬ ከፍርድ ቤቱ ሲወጡ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። ወዲያውም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሙስና የተጠረጠረ ሰው በዋስ እንዳይወጣ የሚከለክል ሕግ አጸደቀ፤ ስዬ ስድስት ዓመት ታሰሩ። ያሰራቸው ማን ነበር? አብረዋቸው በረሃ የወረዱ ጓዶቻቸው ናቸው፤ ቋንቋቸውም ዘራቸውም አንድ ነው። ያን ጊዜ ብዙ ሰው «እርስ በርሳቸው ይብላሉ፣ ምን አገባን» ብሎ አለፈው። እኔ ግን በዚያ ቀን በፍርድ ቤቱ በር ላይ የሆነው ነገር ከስዬ ስም በላይ ይከብደኛል። ዳኛ «ይውጣ» ብሎ ከፈረመ በኋላ በሩ ላይ የቆመ ፖሊስ «አይወጣም» ማለት የሚችል መሆኑ በአደባባይ ታየ። ማንም አልተቀጣበትም። ዳኛዋ ራሳቸው ከምርጫ 97 በኋላ ከተቃዋሚው ቅንጅት መሪዎች ጋር ታስረው ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፣ በይቅርታ ወጡ፣ በ2001 እንደገና ታሰሩ። ስዬ ከእስር ወጥተው ቆይተው የገቡበት ፓርቲ ብርቱካን የመሩት አንድነት መሆኑን ስገነዘብ ምነው ሁለቱን ያገናኛቸው እስር ባልሆነ እላለሁ።

ወደ ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ልመለስ። በመስከረም 2009 ከቢሾፍቱው የኢሬቻ እልቂት በኋላ ሰበታ ውስጥ ፋብሪካዎች ተቃጠሉ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ ብዙዎቹ የኦሮሚያ ልጆች፣ ታፈሱ፤ ከአንድ ወር ትንሽ አለፍ ብሎ አዋጁን የሚከታተለው መርማሪ ቦርድ የታሰሩት 11,607 ናቸው አለ። ከታሰሩባቸው ቦታዎች አንዱ ቶላይ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ነበር። «የተሐድሶ ሥልጠና» ወሰዱ ተብሎ «አይደገምም» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ለብሰው ተሸኙ። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ጠቅላይ ሚኒስትር ተቀየረ፣ እስረኞች ተፈቱ፣ ማዕከላዊ የተባለው የምርመራ እስር ቤት ተዘጋ። ከመስከረም 3 ቀን 2011 ጀምሮ ግን ቡራዩና አካባቢዋ በደም ታጠቡ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በትንሹ 58 ሰው ሞቷል አለ፤ ከተገደሉትና ከተፈናቀሉት ብዙዎቹ በሸማ ሥራ የሚተዳደሩ ጋሞዎች ነበሩ። አዲስ አበባ ላይ ተቃውሞ ተነሳ። ፖሊስ በሺሻ ቤትና በቁማር ቤት የተገኙ ናቸው እያለ ወጣት አፈሰ፤ ከ1,000 በላይ የሚሆኑ የአዲስ አበባ ልጆች ክስ ሳይቀርብባቸው ወደ ቶላይ ተወስደው አንድ ወር ያህል ቆዩ። ያው ቶላይ፣ ያው «ሥልጠና»። በ2009 የሰበታና የአምቦ ልጅ እዚያ ሲገባ «ፋብሪካ ማቃጠል ምን ያደርጋል!» ብሎ ዝም ያለ አዲስ አበቤ በ2011 የገዛ ልጁ ሲወሰድ የሚጮህለት አላገኘም። በ2009 የጮኹትም ብዙዎቹ በ2011 ዝም አሉ።

የዘሩን ማብራሪያ ከሁሉም በላይ የሚያፈርሰው ግን ቡራዩ ውስጥ የሆነው ነው። ኮሎኔል ገመቹ አያናን፣ አብዲ ረጋሳንና ጓዶቻቸውን፣ የኦሮሞ ነጻነት ግንባርን ከፍተኛ አመራሮች ማለቴ ነው፣ ፍርድ ቤቶች ይለቀቁ ብለው ትእዛዝ ሰጡ። አልተለቀቁም። ከቦታ ቦታ ሲዘዋወሩ ቆይተው ቡራዩ ፖሊስ ዘንድ ተያዙ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሄዶ አነጋግሯቸው፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ተከብሮ እንዲወጡ በይፋ ጠየቀ። የወጡት በነሐሴ 2016 መጨረሻ ነው፤ አራት ዓመት ገደማ አልፎ። እስረኞቹ ኦሮሞ ናቸው። ቡራዩ በኦሮሚያ ናት። ፖሊሱ የኦሮሚያ ፖሊስ ነው፤ ትእዛዝ የሚሰጠው ባለሥልጣንም ኦሮሞ ነው። «የእኛ ሰው ወንበር ላይ ቢቀመጥ» የሚለው ተስፋ በተግባር ተፈትኖ ያመጣው ውጤት ይህ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ተቀይሯል፤ በ1993 በፍርድ ቤቱ በር ላይ ያየነው ልማድ ግን ቡራዩ ድረስ ተከትሎን መጥቷል።

ይህ በፖለቲከኞች ላይ ብቻ የሚደርስ የሚመስለው ካለ አንድ ቀን ጠዋት ስንቅ ይዘው ጣቢያ በር ላይ ከሚሰለፉት ጋር ይቁም። ከቡራዩ፣ ከሰበታና ከሱሉልታ በአንዱ፣ ስሙን በማልጠራው ጣቢያ በር ላይ፣ ከገጠር ቀበሌ የመጡ አንዲት እናት አይቻለሁ። በአንድ እጃቸው በፎጣ የተቋጠረ ምሳ ዕቃ ይዘዋል። በሌላው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዘዋል፤ ልጃቸው በዋስ እንዲለቀቅ ፍርድ ቤት የጻፈው ትእዛዝና የዋስትናውን ገንዘብ ያስያዙበት ደረሰኝ ነው። ወረቀቱን ብዙ ጊዜ ስላወጡትና ስላስገቡት እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። በሩ ላይ ያለው ወጣት ፖሊስ ክፉ ልጅ አይመስልም። «ሀርሜ፣ ኮማንደሩ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ይምጡ» አላቸው በኦሮምኛ። ምሳ ዕቃውን ከፍተው ከወጡ ቀምሰው እንዲያሳዩት አደረገ፤ ስንቁን ተቀበለ፤ ወረቀቱን ግን መለሰላቸው። እናትየው ከዚያ በፊት ሲመጡ «ማኅተሙ አይታይም» ተብለው ወደ ፍርድ ቤት ተመልሰው እንዳስመቱት፣ ሌላ ቀን ደግሞ «በሌላ ጉዳይም ይፈለጋል» እንደተባሉ ነገሩን። ከጣቢያው ፊት ለፊት ባለችው ሻይ ቤት ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ የሚል ሰው ነገሩን «በአንድ ቀን» ሊጨርስላቸው ዋጋ ነግሯቸዋል። እናትየው ኦሮሞ፣ ፖሊሱ ኦሮሞ፣ ደላላው ኦሮሞ። አጠገቤ የቆመው ሰው ታዲያ ምን አለኝ? «አዛዡ ከሌላ ዞን የመጣ ነው፤ ለዚህ አገር ሰው አያዝንም።»

ብሔሩ አንድ ሲሆን ወደ ዞን ወረደ። ዞኑ አንድ ቢሆን ወደ ጎሳ ይወርድ ነበር፤ ጎሳው አንድ ቢሆን ወደ ቤተሰብ። ማንኛውም ነገር ሲደርስ ሁልጊዜ የሚገጥም ማብራሪያ ምንም አያብራራም። በዚያች ጠዋት የእናትየውን ልጅ ያስቀረው ነገር ከዓይናችን ፊት ነበር፤ በላስቲክ የተጠቀለለው ወረቀት ተቀባይ አጣ። ወረቀቱን ያልተቀበለው ሰው ስም አለው፣ ማዕረግ አለው፣ ትከሻው ላይ ኮከብ አለው። የእኛ ወሬ ግን ስሙን አልጠየቀም፤ አገሩን ጠየቀ።

የሻይ ቤቱ ደላላ ጉዳይ ተራ አይደለም። የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽኑ በ2013 በኦሮሚያ ፖሊስ ጣቢያዎች ያደረገውን ክትትል ሲያወጣ፣ ተጠርጣሪው ሲታጣ በምትኩ ቤተሰቡ እንደሚታሰር፣ ገንዘብ ከፍለው የሚወጡ እንዳሉ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ያልቀረቡ ብዙ እንደሆኑ ጽፏል። ጉቦ የሚቀበል እጅ መታወቂያ ላይ ያለውን ብሔር አያነብም፤ የሚያነበው ኪስን ነው። በእነዚህ ከተሞች እስር ቤት ረጅም ጊዜ የሚቀመጠው ባጃጅ ነጂው፣ የቀን ሠራተኛው፣ መሬቱን በካሬ ሸጦ የጨረሰው ገበሬ ልጅ፣ ከወላይታ ወይም ከጎጃም ሥራ ፍለጋ የመጣው ነው። ባለ ገንዘቡ ኦሮሞም ሆነ አማራ ከመምሸቱ በፊት ይወጣል። የዘር ወሬው ለዚህ ልዩነት ዓይናችንን ጋርዶብናል፤ ገበሬው ኦሮሞና ስደተኛው አማራ አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ፍራሽ እየተካፈሉ፣ ቤተሰቦቻቸው ውጭ ቆመው አንዱ ሌላውን «ሥርዓቱ የእናንተ ነው» ይባባላሉ።

ዘር ከነጭራሹ የለበትም እያልኩ አይደለም። በጥቅምት 23 ቀን 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ አዲስ አበባ ውስጥ የትግራይ ተወላጆች በገፍ ሲታሰሩ፣ ኮሚሽኑም እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል ሲናገር፣ አረጋውያንና እናቶች ጭምር ሲወሰዱ፣ «ዘር አይደለም» ማለት ጭካኔ ነበር። በሐምሌ 2015 መጨረሻ አማራ ክልልን ምክንያት አድርጎ በታወጀው ሌላ አዋጅ ደግሞ አማሮች ተመሳሳዩን ቀምሰዋል። ነገር ግን ሦስቱን አዋጆች፣ የ2009ን፣ የ2014ንና የ2015ን፣ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብቡ። ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ መያዝ ይቻላል፤ ፍርድ ቤት ሳያቀርቡ ማቆየት ይቻላል። የተጻፈው ሥልጣን ይህ ነው፤ ዒላማው እንደየዘመኑ ተቀያየረ። መጀመሪያ ኦሮሞ፣ ከዚያ ትግራዋይ፣ ከዚያ አማራ። በየተራው ሌላው «ጊዜው ስለሚያስገድድ ነው» አለ። ዘር ማን እንደሚያዝ መርጧል፤ መያዣውን ለአሳሪዎቹ ያቀበለው ግን በየተራ የሰጠነው ፈቃድ ነው።

የቋንቋ ጉዳይም አለ፤ በእነዚህ ከተሞች እውነተኛ ችግር ስለሆነ በዝምታ አላልፈውም። ቡራዩ ወይም ሰበታ ቤት ገዝቶ አዲስ አበባ የሚሠራ፣ ኦሮምኛ የማይችል ሰው ሲያዝ ቃሉ የሚጻፈው በኦሮምኛ ነው፤ ያላነበበውን ይፈርማል። ይህን ይዘው «ፍርድ ቤቱ በአማርኛ ይሥራ» የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። የኦሮሚያ ፍርድ ቤት በኦሮምኛ መሥራቱ ተገቢ ነው፤ የአካባቢው ገበሬ ለብዙ ዘመን በማይሰማው ቋንቋ ሲፈረድበት ኖሯል። ሕገ መንግሥቱ ግን የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው በአንቀጽ 19፣ ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ ከሆነ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት በአንቀጽ 20 ደንግጓል። ይህ መብት ቡራዩ ላይ የተያዘው የዶርዜ ሸማኔ ነው፤ አዲስ አበባ ፌዴራል ፍርድ ቤት በአማርኛ የሚከሰሰው የሱሉልታ ገበሬም ነው። ሁለቱ አብረው አስተርጓሚ ቢጠይቁ የት በደረሱ! አንዱ ሌላውን ቋንቋዬን ቀማኝ እያለ ሲካሰስ ሁለቱም ያልገባቸውን ፈርመው ይገባሉ።

ይህ የዘር ማብራሪያ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ደፋር ዳኛን ነው። ዳኛ ዋስትና ሲፈቅድ «ወገኑ ስለሆነ ነው» ወይም «በልቶ ነው» ይባላል፤ ሲከለክልም እንዲሁ። በሕጉ ምክንያት ወሰነ የሚል ሰው ከሌለ በሕግ የሚወስን ዳኛ ምን ተስፋ አለው? በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 መሠረት ለፖሊስ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ጊዜ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ግን ሕጉ አልገደበም፤ አሥራ አራቱ ቀን እየተደጋገመ ወራት ይሆናል። «ምርመራው አልተጠናቀቀም» የሚለውን ያንኑ ማመልከቻ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያቀርቡለት «ይበቃል» የሚል ዳኛ የሚተማመነው በእኛ ነው። እኛ ግን ስሙን ሰምተን ብሔሩን ገምተን ቤታችን ገባን።

ለድራማ ጸሐፊዎቻችንና ለአዘጋጆቻችንም የምለው አለኝ። ቴሌቪዥናችን ፖሊስን በአብዛኛው ያሳየን ወንጀለኛ አድኖ በመጨረሻ ሲይዝ ነው፤ ታሪኩ ካቴናው ሲገባ ያልቃል። የሕግ ድራማ ግን ካቴናው ከገባ በኋላ ነው መጀመር ያለበት። ድፍረት ማለት ዘረኛ መርማሪ ፈጥሮ ብሔሩን በስሙ ማስታወቅ የሚመስላቸው አሉ። እንዲህ ያለ ድራማ አገሩን ግማሽ ያስጨበጭባል፣ ግማሹን ያስቆጣል፤ ሁለቱም ግማሽ ሲያዩት ያደሩት ቀድሞ የሚያምኑትን ነው። እኔ ማየት የምፈልገው መዝገቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ነው። መርማሪው ጊዜ ቀጠሮ የሚጠይቅበትን ማመልከቻ ቀኑን ብቻ ቀይሮ ሲያትም፣ ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃ እንደሌለ እያወቀ «አለቃዬን ላማክር» ሲል፣ ዳኛዋ ፈርማ ወደ ቤቷ ስትሄድ ትእዛዟ እንደማይፈጸም ስታውቅ፣ የሻይ ቤቱ ደላላ ከመሸ በኋላ ስልክ ሲደውል አሳዩን። የማንንም ብሔር መጥራት አያስፈልግም። ሱሉልታ የሚያየውም፣ ደብረ ብርሃን የሚያየውም፣ መቀሌ የሚያየውም ጣቢያውን ያውቀዋል።

ለአንባቢም ቀጥተኛ ልመና አለኝ። ከእንግዲህ ሰው ታሰረ ሲባል ከዘሩ በፊት መዝገቡን ጠይቁ፦ መቼ ተያዘ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ቀርቧል ወይ፣ ዋስትና ተፈቅዶ ከነበረ ትእዛዙን አልቀበልም ያለው ማን ነው? የእናንተ ወገን ላልሆነውም ጠይቁለት፤ ቶላይ ለሁላችንም ክፍት እንደሆነ አይተናል። ቤተሰብ የሆናችሁ ትእዛዙን ያልተቀበለውን ሰው ስምና ማዕረግ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፋችሁ ያዙ። ለዐቃቤ ሕግ ደግሞ አዲስ አዋጅ አያስፈልገውም። ከ1997 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 423 ከሕግ ውጭ ሰው የሚይዝ ወይም የሚያስር የመንግሥት ሠራተኛ እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና በገንዘብ እንደሚቀጣ ደንግጓል። የዳኛ ትእዛዝ ይዘው የመጡ እናት ከበር የሚመልስ አዛዥ በዚህ አንቀጽ ይከሰስ፤ ብሔሩ ማንም ይሁን።